የምን ሥጋ ነው?

አይሱዙው ጋቢና ውስጥ አራት ነበርን፤ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ እኔና ጉራቻ። ጉራቻ ያኔ የአራት ወር ቡችላ ነው፤ ጥቁር፣ አንድ ጆሮው የቆመ አንዱ ገና የወደቀ፣ እናቱ የጀርመን ሼፐርድ፣ አባቱ እንጃ። እግሬ ሥር የተጋደመውን 15 ኪሎ ከረጢት ረዳቱ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሲሰርቀው ቆይቶ ጣርማ በር ላይ አልቻለም።

«ፋፋ ነው እንዴ?» አለኝ።

የውሻ ምግብ ነው አልኩት። ዝም ብሎ መንገዱን ማየት ጀመረ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ነው እንደገና አፉን የከፈተው። «ስንት ነው ግን?» ዋጋውን ቀንሼ ነገርኩት። የቀነስኩትም አስደነገጠው።

እውነቱን ለመናገር እኔንም ያስደነግጠኛል። ከደሞዜ ሩብ ያህሉን ነው የበላው። ከሚሴ ስደርስ እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው ከረጢቱን በባዶ ማዳበሪያ መሸፈን ነበር። «ጎረቤት ምን ይለናል?» አለች። ስንዴ እየተቆጠረ በሚታደልበት ዓመት ላይ ፎቶ ያለበት የውሻ ምግብ በር ላይ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ያን ቀን አልተከራከርኳትም፤ ዛሬም አልከራከራትም።

አባቴ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነው። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ የጨፋ ሜዳ ጠርዝ ላይ ነው። አሮጌው ውሻችን ከሞተ በኋላ ጅብ ሁለት ፍየል ወስዶበታል፤ ጉራቻንም ያመጣሁት ለሱ ነው። አባቴ ውሻ ቤት አያስገባም። ለጥበቃና ለከብት የሚያዝ ውሻ በሃይማኖታችን የተፈቀደ ቢሆንም ቦታው ደጅ፣ ዕቃውም ለብቻው ነው። ቡችላውን ሳያይ ከረጢቱን አየ፤ ማዳበሪያውን ገለጥ አድርጎ ሽታውን ሳበና በኦሮምኛ «ፎን ማሊቲ?» አለኝ። የምን ሥጋ ነው?

«አባ፣ ለውሻ እኮ ነው፤ ለእኛ አይደለም።»

«የምሰፍርለት እኔ ነኝ፤ የሚያድረውም ጎተራዬ ሥር ነው። ደግሞስ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው ይሄን ሁሉ ብር ያወጣኸው?»

መልስ አልነበረኝም። የምን ሥጋ እንደሆነ አላውቅም። ፊቱ ላይ አንድ ተኩላ የሚመስል ውሻና ቀይ ሥጋ ተስሏል፤ የገዛሁት እሱን አይቼ ነው።

የሚያሳፍረው ደግሞ ከዚያ በፊት አንዴ ተሳስቼ የተቀጣሁ ሰው መሆኔ ነው። ጉራቻን በሁለት ወሩ ሳገኘው «ሥጋ በል እንስሳ አይደል?» ብዬ ከሥጋ ቤት ቀይ ሥጋ ብቻ እያስቆረጥኩ፣ ከሩዝ ጋር እየቀቀልኩ አበላሁት። አጥንት ያንቀዋል ብዬ አንድም አልሰጠሁትም። ፍቅር መስሎኝ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ቀስት ሆነው መጡ፤ ደረጃ ሲወጣ ያለቅሳል። የእንስሳት ሐኪሟ ዳብሳው ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ። ስነግራት አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ በብዛት አለው፤ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሩዙም ይህን አያሟላም። ሰውነቱ ከምግብ ያጣውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ ይመዛል። በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ላይ ደግሞ ቶሎ ይታያል። «እንግዲያ የካልሲየም ኪኒን ልግዛ?» አልኳት። አይሆንም አለች፤ ቡችላ የሚበዛበትን ካልሲየም እንደ ትልቅ ውሻ መግቶ ማስቀረት ስለማይችል፣ በተለይ ትልቅ የሚሆን ዘር ከሆነ፣ መብዛቱም አጥንቱን ያበላሸዋል። ወረቀት ላይ ሁለት ቃል ጻፈችልኝ፦ «የቡችላ፣ የተሟላ»።

ሱቅ ሄድኩ። የቡችላው አልቋል ተባልኩ፤ «ይሄም ያው ነው» አለኝ ሻጩ። ተኩላው አሳመነኝ። በማግሥቱ ጋቢና ውስጥ ነበርን።

የዚያን ዕለት ማታ ታናሽ እህቴ የከረጢቱን ጀርባ በስልኳ እያነሳች ተረጎመችልን። በሁለት ቋንቋ ተጽፏል፤ ሁለቱንም አናውቃቸውም። አባቴ ጫቱን ይዞ ከጎኗ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ቃል በቆሎ ነው። ሁለተኛው «ሥጋና የእንስሳት ተዋጽኦ»።

«የየትኛው እንስሳ?» አለ አባቴ።

አይልም። ፊት ለፊት በትልቁ «ከበሬ ሥጋ ጋር» ተብሎ ግን ተጽፏል። ኋላ ላይ ሳነብ ነው የገባኝ፤ በአሜሪካ ደንብ «ከበሬ ሥጋ ጋር» ብሎ ለመጻፍ ምግቡ ውስጥ 3 በመቶ የበሬ ሥጋ ይበቃል፤ በአውሮፓ ደግሞ 4 በመቶ። ጽሑፉ ውሸት አይደለም፤ «ጋር» የምትለዋ ቃል ናት ሥራውን የምትሠራው። የቀረው ሥጋ ዛሬ የዶሮ፣ ነገ የአሳማ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ገበያው። ለአባቴ ጉዳዩ የሐላልና የሐራም ነበር። ለውሻው ሆድም ቢሆን ግን ጥያቄው ትክክል ነው፤ አንድ ቀን ቆዳውን ቢያሳክከው ወይም ቢያስቀምጠው ምን በልቶ እንደሆነ የምታውቁበት መንገድ የለም።

እህቴ ቀጠለች። «ለአዋቂ ውሾች» ይላል። ፕሮቲን ቢያንስ 18 በመቶ፣ እርጥበት ቢበዛ 10 በመቶ። እርጥበቱ ሲወጣለት ፕሮቲኑ 20 በመቶ ይሆናል። አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ ደግሞ ውሃው ወጥቶ ለአዋቂ ውሻ ቢያንስ 18፣ ለሚያድግ ቡችላ ግን 22.5 ነው። ለአንድ ትልቅ የግቢ ውሻ ምንም የማይል ምግብ ነው። ለጉራቻ እግር ግን አይሆንም።

አባቴ ሳቀብኝ። «ፋጉሎ ስትገዛ የኑግ ነው የጥጥ ፍሬ አትልም? መቼ የተጨመቀ ነው አትልም? ለጊደር ነው ለሚደልብ በሬ አትልም?» ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ያደግኩት መኖ በሚታወቅበት አገር ነው። ጨፋ ማለት ሣር ነው። በጋው ሲጠና ቦርከና የሚያርሰው ረግረግ ብቻ ለምልሞ ሲቀር ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው፣ አማራው ከብቱን ወደዚያ ይነዳል። ለዚያ ሣር ስንት ሽምግልና ይቀመጣል። አባቴ ድርቆሽ ሲገዛ እጁን ወደ ክምሩ ውስጥ ይሰዳል፤ ላዩ ሳይሆን ሆዱ ነው የሚሸተተው፤ ሻጋታ የሚደበቀው እዚያ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የበጠስኩት ልጁ በተኩላ ሥዕል ተሸወድኩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ እንደገና ገዛሁ፤ በዚህ ጊዜ ጀርባውን እያነበብኩ። አንዱ ሱቅ አፉ ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ እየመዘነ በፌስታል ይሸጣል፤ ርካሽ ነው፣ ደጋግሞም ይፈትናል። ግን ፍሬው በላዩ የተቀባ ስብ አለው፤ አየር ሲያገኘው ስቡ ይበላሻል፣ ቪታሚኑም ይቀንሳል፤ ፌስታል ላይ ደግሞ ቀን የለም፣ ስም የለም፣ የሚጠየቅ ፋብሪካም የለም። ተውኩት። ሌላው ሱቅ «እህል የሌለበት» ብሎ በእጥፍ ዋጋ አወጣልኝ። ማሽላ በልተን ባደግንበት አገር እህልን እንደ መርዝ ማየት ያስቀኛል። ደግሞም በእንግሊዞቹ 2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እህል አልባ፣ አተርና ምስር የበዛባቸው ምግቦች ከውሾች የልብ ጡንቻ ሕመም ጋር ይያያዙ እንደሆነ ምርመራ መጀመሩን አስታውቋል፤ ምክንያቱ ዛሬም ተለይቶ አልታወቀም። በደንብ የበሰለ በቆሎና ሩዝ ለውሻ ይፈጫል።

በመጨረሻ የወሰድኩት ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሥዕሉም የማያምር ነው። ግን «ለሚያድጉ ቡችሎች የተሟላ» ይላል። ይህቺ ቃል ዋናዋ ናት፤ አንዳንዱ «ተጨማሪ» ብቻ ነው የሚለው፣ ያ ደግሞ ለብቻው ውሻ አያኖርም። ሥጋው በስሙ ተጠርቷል፤ መጀመሪያ ላይ የደረቀ የዶሮ ሥጋ ዱቄት። ትኩስ ዶሮ መጀመሪያ የተጻፈበትም ነበር፤ ዝርዝሩ ግን ከመብሰሉ በፊት ባለው ክብደት ነው የሚደረደረው፣ ትኩስ ዶሮ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ሲተን ከመጀመሪያ ወደ አራተኛ ሊወርድ ይችላል። ማብቂያ ቀኑ ሩቅ ነው፣ የአምራቹ አድራሻም አለ። አባቴን ደውዬ «ዶሮ ነው» አልኩት። «አል-ሐምዱሊላህ» አለ፤ ከዚያ «ማን አረደው?» ሊል ሲል እህቴ ከኋላ ስትስቅ ሰማኋት።

አሮጌውን ከአዲሱ እየደባለቅን በአሥር ቀን ውስጥ አዛወርነው። አባቴ የከረጢቱን የአመጋገብ ሠንጠረዥ ሁለት ሳምንት ያህል አከበረው። ከዚያ የሚያውቀውን ጀመረ፤ በየጁምዓው ከሶላት በፊት ጎኑን በእንጨት እጀታ እየነካካ፣ ኋላ ደግሞ ዝም ብሎ በእጁ። የጎድን አጥንቱ ሳይታይ ሲዳሰስ ካገኘው ጣሳው እንዳለ ይቀጥላል፤ ከተደበቀበት ግማሽ ጣሳ ይቀንሳል። ይህን ለሐኪሟ ስነግራት እነሱም የሚያደርጉት ያንኑ ነው አለች።

ያልተስማማነው በአረፋ ጊዜ ነው። የታረደው በግ ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠሩ ኳሶች ነበሩ፤ የአገሩ ልማድ ደግሞ ያንን ለውሻ መወርወር ነው። እየጮህኩ ነው የደረስኩት። ውስጡ ያለው ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሜዳው ላይ ይወድቃል፣ ከሣሩ ጋር በጉ ይበላዋል፤ በውሻው ፀጉርና በእጃችን አድርጎ ሰው ጉበት ውስጥም ይቋጥራል። አባቴ ግማሹን አመነኝ። ሳንባውን ቀበርነው፤ ጉበቱ ግን ንጹሕ ነበርና እናቴ አጥብቃ ቀቅላ ሰጠችው።

ጉራቻ አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል። የግራ የፊት እግሩ አሁንም ትንሽ ወደ ውጭ ይላል፤ ሲሮጥ አይታወቅም፣ ሲቆም ይታወቃል። አድጎ ስለጨረሰ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረን ደረቁን ቀነስን፤ ጠዋት ከቤት የተረፈ የማሽላ ገንፎ ይደባለቅበታል፣ ማታ የጣሳው ነው። ጅብ ከዚያ ወዲህ አልገባም። ከረጢቱን እናቴ አትሸፍነውም፤ ባዶውን ግን ጎረቤቶች ጥራጥሬ ማስቀመጫ እያሉ ይወስዱታል፣ ተራ አለው።

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ደረቅ የውሻ ምግብ ማምጣቱን ሰው ነግሮት አባቴ እህቴን ይዞ ሄደ። በቴሌግራም ሦስት ፎቶ ላከችልኝ። ሦስቱም የጀርባው ነው፤ አንዱ ዝርዝሩ፣ አንዱ ማብቂያ ቀኑ፣ አንዱ ደግሞ የአባቴ አውራ ጣት የሸፈነው አድራሻ። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ፦ «በግ ነው ይላል። የተሟላም ይላል። ጣትህን አንሳ አባ፣ አይታየውም።»