ሁለት ዲናር

ነጋዴ «ጊዜ የለኝም» ሲል ውሸቱን አይደለም። ሞያሌ ላይ ዲክላራሲዮን እስኪወጣ፣ ትራንዚተሩ ስልክ እስኪያነሳ፣ ፍተሻው እስኪያልቅ ቀኑ ይመሻል። በ2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኬንያ ባንድ ቦታ የሚያስተናግዱበት ኬላ ከተመረቀ ወዲህ ነገሩ ቢቀልም፣ መኪና በቆመ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል። በርበሬና ቦሎቄ ጭነን ናይሮቢ፣ ኢስሊ የምንመላለስ ሴቶች ይህን አሳምረን እናውቀዋለን። መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ሲያጋጥም የሁላችንም ዓይን ሰዓት ላይ ይሄዳል።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ብዙ ጊዜ ካህኑ ወደ መቅደስ ሲጣደፍ ያለፈ ተደርጎ ይነገረናል። ሉቃስ ምዕራፍ 10 ግን በዚያ መንገድ ይወርድ እንደነበር ነው የሚናገረው፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርድ ሰው ደግሞ ከመቅደስ እየራቀ ነው። ቅዳሴ አልረፈደበትም። ጉዳይ ይዞ መንገድ ላይ የነበረው ሳምራዊው ነው፤ አህያ አለው፣ ዘይት አለው፣ ወይን አለው። ወንጌሉ ነጋዴ ነበር አይልም፤ እኛ ግን አካሄዱን ስናይ የኛ ሰው ይመስለናል። ቁስለኛውን ወደ ማረፊያ ቤት ወሰደው፣ አብሮት አደረ፣ በማግስቱ ለባለ ማረፊያው ሁለት ዲናር ሰጠ። በማቴዎስ ምዕራፍ 20 አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ከዚህ በላይ ካወጣህ ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ጉዞውን አልሰረዘም። በሚታመንበት ቤት፣ በሚመላለስበት መንገድ ላይ፣ ልኩ የታወቀ ገንዘብ ትቶ ሄደ።

ኮሜርስ ስንማር መጠባበቂያ የሚባል ነገር አስተምረውናል። ዱቤ ከሰጠሽ የማይመለስ እንደሚኖር አስቀድመሽ ትይዢለታለሽ፣ ማን እንደሚክድሽ ገና ሳታውቂ። ምሕረትም ቀድሞ ካልተያዘለት ቦታ አያገኝም። የኦሪት ሕግ ገበሬውን የእርሻውን ዳር ሳያጭድ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ያዘዘው (ዘሌዋውያን 19) ድኻው በራፍ ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። የኛ እርሻ ቀናችን ነው። ስለዚህ ረቡዕ መድረስ ስንችል ለኢስሊ ደንበኞቻችን «ሐሙስ» እንላለን። የተረፈችው ቀን ሥራ የላትም። ሰው ካልገጠመን ተኝተን እንነሣለን፤ እሱም አይጠላም። በየጉዞው ደግሞ እያንዳንዳችን 200 ብር እናዋጣለን፤ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ አላት። ስሟን «ሁለት ዲናር» ብለናታል።

አንድ ጊዜ ማርሳቢት ነዳጅ ስንቀዳ ግድግዳ ሥር የተኛ ልጅ አየን። ከሆሳዕና አካባቢ የተነሣ፣ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ የወጣ ነው፤ አብረውት የነበሩት ትተውት ሄደዋል። ገላው እንደ እሳት ይፋጃል። ሐኪም ቤት ስናደርሰው ነርሷ በስዋሂሊ ትጠይቃለች፣ እሱ በአማርኛ «እናቴ፣ ውኃ» ይላል። ከመካከላችን ስዋሂሊ የምትችለው አጠገቡ ተቀምጣ ሦስት ሰዓት አስተረጎመች። መቼ ጀመረህ? ምን በላህ? ምን መድኃኒት ወሰድክ? ያን ዕለት ብዙ ገንዘብ አልወጣም፤ ልጁ የጎደለው ቋንቋ ነበር። ከዚያ ሆሳዕና ካለው ታላቅ ወንድሙ ጋር በስልክ አገናኘነው።

ሾፌራችን ከልቡ «እስከ ናይሮቢ እንጫነው» አለ። እምቢ አልን። ሰነድ የሌለው ሰው መጫን ሾፌሩን ሊያሳስር ይችላል፤ ልጁንም ከቤቱ የባሰ ያርቀዋል። እምቢታችን ልጁን ሲያስከፋው በዓይናችን አይተናል። ለኛም ቀላል አልነበረም።

ታዲያ ለማን ትተነው እንሂድ? ማርሳቢት ምግብ ቤት ያላት አንዲት የቦረና ሴት አለች፣ ሙስሊም ናት። መኪናችን በተሰበረ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሻይ ያፈላችልን እሷ ናት። (ሳምራዊው ከማን ወገን እንደነበር ማስታወስ ነው እንግዲህ።) 3,000 ሽልንግ በኤምፔሳ ላክንላት፤ የቀረውን ስንመለስ እንተሳሰባለን ተባባልን።

«ቢያታልሏችሁስ?» የሚሉን አሉ። ያታልሉናል እንጂ! የሐሰት የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ የቀረበን ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ አንሰጥም፣ ፋርማሲው ድረስ ሄደን ራሳችን እንከፍላለን። ግን በዱቤ ወስደው የቀለጡብን የታወቁ ደንበኞች ከዚህ ይበዛሉ፤ ዱቤ መስጠቱንም አልተውንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመለስ ልጁ የለም። በአራተኛው ቀን በእግሩ ቆሞ ሄዷል፤ ወዴት እንደሆነ አልነገራትም። ወንድሙ ስልክ ላይ ስንደውል «ደውሎልኛል» ከማለት በቀር አልጨመረልንም። ሴትየዋ የምግቡን፣ የመኝታውን፣ የመድኃኒቱን ሒሳብ በደብተር ወረቀት ጽፋ ቆየችን። ከላክነው የተረፈውን ደግሞ እግሩ ለቆሰለ አንድ የመኪና ረዳት ፋሻና መድኃኒት ገዝታበታለች፤ ሳትጠይቀን። ከታች አስምራበት የኛን ዕዳ አስቀምጣለች፦ 80 ሽልንግ።