ድንጋዩ ከየት መጣ?

ጋሊናን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ሰው ሁሉ እጁ ዝቅ ይላል። ዓይን የገመተውና እጅ ላይ የሚያርፈው ክብደት አይገናኙም። በየጎኑ 5 ሴንቲሜትር የሆነ የጋሊና ኩብ ወደ 940 ግራም ይመዝናል፤ በዚያው መጠን ያለ ኳርትዝ ግን ከ330 ግራም ብዙም አይበልጥም። ጋሊና እርሳስና ድኝ ነው። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፤ እሱማ ውስጡ ግራፋይት ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የወረሰው። ጥይትና የመኪና ባትሪ የሚሠራበትን ብረት ማለቴ ነው።

የተማርኩት ኢንጂነሪንግ፣ ሥራዬ ሶፍትዌር፣ የምኖረው ካንሳስ ሲቲ ነው። ቀኑን ሙሉ የማይዳሰስ ነገር ስሠራ እውላለሁ። ዘንድሮ የጻፍኩት ኮድ ለከርሞ ይኑር አይኑር አላውቅም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ከአራት ዓመት በፊት አንድ የማዕድን ትርዒት ላይ በ45 ዶላር አንዲት ቁራጭ ጋሊና ገዝቼ ከዚያ ማቆም ያቃተኝ። አሁን 31 ደርሰዋል። ጓደኞቼ «ድንጋይ በነፃ ከሞላበት አገር መጥተህ ድንጋይ በዶላር ትገዛለህ?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ግን እስቲ አስቡት። ጋሊና ውስጥ የእርሳስና የድኝ አተሞች የተደረደሩት ልክ በገበታ ጨው ውስጥ እንዳሉት አተሞች ነው፤ አንዱ ከአንዱ እየተፈራረቀ፣ በሦስቱም አቅጣጫ። ስለዚህ በመዶሻ ብትመቱት እንደ ብርጭቆ አይበታተንም፤ ወደ ትንንሽ ኩቦች ይከፈላል። ትንሹን ብትመቱት ደግሞ ሌላ ትንሽ ኩብ። ሪከርሽን ለተማረ ሰው ይህ በእጅ የሚያዝ ሪከርሽን ነው።

ከሙያዬም ጋር ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1874 ጀርመናዊው ፌርዲናንድ ብራውን ኤሌክትሪክ በአንዳንድ የብረት ሰልፋይዶች ውስጥ፣ ጋሊናን ጨምሮ፣ በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ እንደሚያልፍ፣ በሌላው ግን እንደሚከለከል አስተዋለ። ሕንዳዊው ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ ደግሞ በ1904 ጋሊናን ተጠቅሞ የሬዲዮ ሞገድ ለሚይዝ መሣሪያ የአሜሪካ ፓተንት አገኘ። ከዚያ በኋላ ሰዎች አንድ ቁራጭ ጋሊና ላይ ቀጭን ሽቦ አስነክተው ያለ ባትሪ ሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ሲሊከን ከመንገሡ በፊት ሰሚኮንዳክተር ማለት ይህ ድንጋይ ነበር።

ሰብሳቢዎች ጋሊናን ብቻውን አይፈልጉትም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ነው የሚወዱት። ሮዝ ዶሎማይት ላይ ተቀምጦ አጠገቡ ወርቅ መሳይ ቻልኮፓይራይት ካለ፣ ልባችሁ ወደ ሚዙሪ፣ ካንሳስና ኦክላሆማ ድንበር ይሄዳል። ከሐምራዊ ወይም ቢጫ ፍሎራይት ጋር ከሆነ ደቡብ ኢሊኖይ ሊሆን ይችላል። በቀጫጭን ኳርትዝ መሀል ካበራ ቡልጋሪያ፣ ማዳን። ስፋለራይት የሚባለው የዚንክ ማዕድን ደግሞ ከጋሊና አይለይም፤ ስሙ ከግሪክኛ «አታላይ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ጋሊና መስሏቸው አቅልጠው እርሳስ ያጡ ስለነበር ነው እንዲህ የተባለው።

ከድንጋዩ እኩል የሚከበር ነገር ቢኖር ሌብሉ ነው፤ የማዕድኑ ስም፣ ጉድጓዱ፣ ከተማው፣ ከተቻለም ዓመቱ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት። ሌብሉ የጠፋበት ድንጋይ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋው ይወርዳል። ዳታ አለህ፣ ሜታዳታ የለህም እንደማለት ነው። ከእኔ 31 ድንጋዮች ሦስቱ ሌብላቸው ላይ «ፒቸር፣ ኦክላሆማ» ይላል። ፒቸር የሚባል ከተማ ግን ዛሬ የለም።

አንድ ቅዳሜ እዚያ ድረስ ነዳሁ፤ ከጆፕሊን አያርቅም። ከሩቅ ግራጫ ተራሮች ይታያሉ። ተራራ አይደሉም፤ እርሳስና ዚንኩ ከወጣ በኋላ የተጣለ የድንጋይ ድቃቂ ክምር ነው። የአካባቢው ሰው ቻት ይለዋል። ማዕድኑ በ1910ዎቹ ተገኝቶ ለሁለት የዓለም ጦርነቶች ጥይት ሆነ። በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ቁፋሮው ሲያበቃ ክምሩ ቀረ። ልጆች ላዩ ላይ ይንሸራተቱ ነበር። ወላጆች ለልጆች መጫወቻ አሸዋ አድርገው ግቢያቸው አፈሰሱት። ውስጡ ግን እርሳስ ነበረ። በ1983 የአሜሪካ መንግሥት ታር ክሪክ ብሎ አካባቢውን እጅግ ከተበከሉት ቦታዎች መዝገብ አስገባው። በ1990ዎቹ ከተመረመሩት የአካባቢው ሕፃናት ሲሶ ያህሉ ደም ውስጥ ከፍተኛ እርሳስ ተገኘ። መንግሥት ቤቶቹን እየገዛ ሰውን አስወጣ፤ በግንቦት 2008 ቶርኔዶ የቀረውን መታው፤ በ2009 ከተማው በይፋ ፈረሰ።

እርሳስ የሕፃን አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። «እስከዚህ ድረስ ችግር የለውም» የሚባልለት መጠንም እስካሁን አልተገኘም። ይህን ሁሉ አውቄ ነው እንግዲህ ከፒቸር የወጡትን ድንጋዮች ቡፌዬ ውስጥ የማሳያቸው። ለምን ብትሉኝ፣ ያ ሌብል የከተማውን ስም ከያዙት ጥቂት ወረቀቶች አንዱ ስለሆነ ነው እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ታላቅ እህቴ ዲቪ ደርሷት ከሁለት ዓመት ልጇ ጋር እኔ ዘንድ አረፈች። ልጅቷን ሚጡ ነው የምንላት። ከመምጣታቸው በፊት ቡፌውን ወደ መኝታ ክፍሌ አስገብቼ ቆለፍኩት፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። እየተፈረፈሩ አቧራ የሚያወጡ ሦስት ድንጋዮች ነበሩኝ፤ እነሱን ትንሽ ልጅ ለሌለው ሰብሳቢ ሰጠሁ። ደረቅ ጋሊና ተቆልፎ ሲቀመጥ ማንንም አይነካም፤ ክፉው አቧራው ነው።

በ12ኛው ቀን ሚጡ የደም ምርመራ ተደረገላት፤ እዚህ ከውጭ ለሚመጡ ሕፃናት የተለመደ ነው። ውጤቱ በዴሲሊትር 6.2 ማይክሮግራም እርሳስ አለ። ጤና ባለሙያዎች ክትትል የሚጀምሩት ከ3.5 ነው።

እህቴ ስልኩን ዘግታ ዞር ብላ አየችኝ። «ድንጋዮችህ ናቸው አይደል?» አለች። የምመልሰው ጠፋኝ። በ12 ቀን፣ ከተቆለፈ በር ጀርባ፣ እንዴት ብዬ ለእናት ላስረዳ?

በማግስቱ ነርሷ ጥያቄ በጥያቄ አደረገችን። አሮጌ ቀለም ያለበት ቤት? ከአገር ቤት የመጣ ቅመም? የሸክላ ዕቃ? ቀጥላ «ለዓይን የምታደርጉላት ነገር አለ?» አለች። እህቴ ዝም አለች። እማዬ ሚጡን ከተወለደች ጀምሮ ትኩላት ነበር፤ ዓይኗ እንዲያምር፣ ደግሞ የሰው ዓይን እንዳይበላት። ብልቃጧም ሻንጣ ውስጥ አብራ መጥታለች።

ማታ ጓንት አድርጌ ጥቂት ዱቄት ወረቀት ላይ አፈሰስኩና ድንጋይ በማይበት ማጉያ መነጽር አየሁት። ጥቁሩ ዱቄት ውስጥ የሚያብለጨልጩ፣ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ትንንሽ ኩቦች አሉ። ለዓመታት ያየሁትን ቅርጽ አልስተውም። የሚገርም አይደለም፤ የጥንት ግብፆችም ኩል ይሠሩ የነበረው ከጋሊና ነው። ዛሬም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ኩል እንዳይሸጥ የሚከለክለው በዚሁ በእርሳሱ ምክንያት ነው። ብልቃጧን ለጤና ቢሮ ሰጠን፤ ውጤቱ እንደጠረጠርኩት ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ለእማዬ መንገሩ ነበር።

«እኔም ተኩዬ ነው ያደግኩት። እናንተንም ኩያችኋለሁ። ምን ሆናችሁ?» አለችኝ።

«ምንም አልሆንን ይሆናል እማዬ። ግን ያኔ የለካን የለም።»

ትንሽ ዝም አለች። «አንተስ ያንኑ ድንጋይ በኪሎ ቤትህ ታስቀምጥ የለ?»

እውነቷን ነው። ልዩነቱ አንዱ ከየት እንደመጣና ምን እንዳደረገ ተጽፎበታል፤ ሌላው በፍቅር ብቻ ነው የመጣው። ይህን ግን በስልክ እንዴት ይሉታል? «የኔ ተቆልፎበታል እማዬ» ብቻ አልኳት። ደግሞ ስለ ፒቸር ልጆች ነገርኳት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በሳምንቱ ደውላ፣ የጎረቤታችንን አራስ ኩል እንዳትጠቀም እንደመከረቻት ነገረችኝ። «የልጄ ልጅ ተመርምራ ነው ያወቅነው አልኳት» አለች።

ኩሉ ቆመ። ከሦስት ወር በኋላ የሚጡ ውጤት 3.1 ሆነ። ገና ይከታተሏታል። እህቴም ስለ ድንጋዮቹ ማንሳት ትታለች፤ አንድ ቀን እንዲያውም ፍሎራይት ያለበትን አሳየኝ ብላኝ እጇን በሳሙና ታጥባ መለሰችልኝ።

ብልቃጧን ጤና ቢሮው ሲመልስልን እህቴ ልትጥላት ነበር፤ እኔ ለመንኳት። አፏን በሰም አሽጌ ቡፌው ውስጥ፣ ከፒቸሮቹ አጠገብ አስቀመጥኳት። ሌብል መጻፍ ነበረብኝና እማዬን ደውዬ ድንጋዩ ከየት እንደተቆፈረ ጠየቅኳት።

«ከመርካቶ ነዋ!» አለች።

የሰብሳቢ ሕግ የምታውቀውን ብቻ ጻፍ ይላል። ስለዚህ እንዲህ ጻፍኩ፦ ጋሊና፣ የተፈጨ። የተቆፈረበት ቦታ ያልታወቀ። የተገዛው መርካቶ። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ለዓይን አይሆንም።