ከእንቅርቱ በላይ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም ማለት ይቻላል። መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ የሚባል ነው። ተረቱን የፈጠረው ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም፤ በደጋው አገር እንቅርት የዕለት ተዕለት ትዕይንት ነበር። ዝናብና ጎርፍ ከተራራው አፈር አዮዲኑን አጥቦ ይወስዳል፤ አፈሩ ያጣውን እህሉም ያጣል፣ እህሉ ያጣውን ሰውም ያጣል።

እንቅርት የሚታየው አንገት ላይ ነው። ከባዱ ጉዳት ግን ከአንገት በላይ ነው።

ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጥረው ያለችውን ጥቂት ለመያዝ ሲታገል ያብጣል። ሆርሞኑ ደግሞ የሕፃን አእምሮ ሲገነባ የግድ ያስፈልጋል። በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ጽንሱ የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው፤ እሷ ካጠራት የአእምሮው ሕዋሳት በወቅቱ ቦታ ቦታቸውን አይይዙም፣ ያለፈው ጊዜም በኋላ በሚሰጥ መድኃኒት አይመለስም። እጥረቱ ሲከፋ ልጁ መስማት የተሳነው፣ ዕድገቱም የቀጨጨ ሊሆን ይችላል። ሲለዝብ ግን ማንም አያውቀውም። «ትምህርት አይገባውም» ይባላል፣ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ በዚያው ይቀራል።

ስለ አእምሮ ምግብ ሲወራ የዓሣ ዘይት እንክብል፣ ለውዝና አቮካዶ ይጠቀሳሉ። ክፋት የላቸውም፤ ኪስ ከቻለ ይበሉ። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን ግን 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም ብቻ ነው። የ70 ዓመት ድርሻው ቢጠራቀም አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ይህች ጥቂት አዮዲን እንቅርትን እንደምትከላከል ለማረጋገጥ የደፈረው አሜሪካዊው ሐኪም ዴቪድ ማሪን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ ከባልደረባው ኪምቦል ጋር ለተማሪ ልጃገረዶች አዮዲን መስጠት ጀመረ። ከወሰዱት 2,190 ልጆች ዕጢያቸው ያበጠው 5 ብቻ ነበሩ፤ ካልወሰዱት 2,305 ግን 495። ስዊዘርላንድ በ1922፣ የሚሺጋን ግዛት በ1924 አዮዲን ያለው ጨው ለሕዝብ ማቅረብ ጀመሩ። ጨው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሀብታምም ድሃም በየቀኑ ይቀምሰዋል።

የኢትዮጵያ የአዮዲን ጨው ታሪክ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው ይመጣ የነበረው በአብዛኛው ከኤርትራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲፈነዳ ያ በር ተዘጋ፤ ገበያውን አዮዲን ያልነካው የአፋር ጨው፣ በተለይም የአፍዴራው፣ ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤተሰብ በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ቁጥር 204 ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ 89 ደርሷል። ደስ የሚል ዝላይ ነው፤ ግን የጥናቱ የጨው መመርመሪያ የሚናገረው አዮዲን መኖሩን እንጂ መጠኑን አይደለም። ጨው እቤት ሲደርስ በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም ሊኖር ይገባል።

ከፋብሪካ እስከ ድስት ባለው መንገድ ላይ ስንቱ ይተናል! ጉልት ላይ ፀሐይ እየመታው የተዘረጋ ጨው፣ አፉ ተከፍቶ እርጥበት የጠጣ ኩንታል፣ ከእሳቱ አጠገብ ያለ ክዳን የተቀመጠ ጣሳ፤ ሁሉም አዮዲኑን ይበሉታል። አሞሌውም ቢሆን ገንዘብ ሆኖ ያገለገለ የተከበረ ጨው ነው፣ አዮዲን ግን አይጠበቅበትም። ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖች በውድ የሚገዙት ሮዝ የሂማላያ ጨውም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ ቀለሙ ያምራል እንጂ።

ይህ ሁሉ ጨው አብዙ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም በታች በቀን ይበቃል ይላል፤ የሚጨመረው አዮዲን የተሰላው በጥቂት ጨው ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ የታሸገውንና «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠይቁ፣ ደረቅና ጥላ ቦታ ከድናችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ከሆነ ደግሞ የጨዉን ዕቃ ዛሬውኑ ከምድጃው አጠገብ አንሱት።