ስለ ኦቨርድራይቭ ማብሪያ ስፍራ

ኦቨርድራይቭ የሚባለው መሣሪያ በረጅም ጕዞ የሞተሩን ዙር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ስለሚቀንስ ነዳጅ ይቈጥባል፤ ጩኸትንም ያሳንሳል። በእንግሊዝ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በ1964 እ.ኤ.አ. የተሠራ ኤም ጂ ቢ ኦቶሞቢል አለው። የኦቨርድራይቩ ማብሪያ ከመሪው ፊት ባለው ሠሌዳ ላይ ነውና፥ ሴት ልጁ ስትነዳ እርሱን ፍለጋ ዓይኗን ከመንገድ እንዳታነሣ በማርሹ ዘንግ ራስ ላይ ሊያኖርላት አሰበ። ፋብሪካውም ራሱ በ1977 እ.ኤ.አ. ሞዴል እንዲሁ ስላደረገ ሐሳቡ መልካም ነው።

ነገር ግን ሽቦውን ለማሳጠር ሲል በማርሽ ሣጥኑ ላይ ያለውን ከልካይ ማብሪያ ሊያስቀር በወደደ ጊዜ በደብዳቤ ተቃወምሁት። ከልካዩ ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፈው በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ብቻ ነው። እርሱ ባይኖር፥ የእጅ ማብሪያው በርቶ ሳለ ኦቶሞቢሉ ወደ ኋላ ቢነዳ፥ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲዞር የተሠራው የውስጥ ክፍል ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ የእጅ ማብሪያው ቢዛወርም ከልካዩ በመስመሩ ውስጥ ይቈይ፤ መስመሩም ፊውዝ ይኑረው፤ ከዘንጉ ጋር የሚንቀሳቀሰው ሽቦ ተጣጣፊና ከብረት ስለት የተጠበቀ ይሁን። ወንድሜም እሺ ብሎ ከልካዩን በስፍራው ተወው። አባት ለልጁ ምቾት ሲያስብ፥ እጇ ቢዘነጋ የሚጠብቃትን ነገር አብሮ ማሰብ ይገባዋል።