«ቁጥሯ ይገጥማል ወይ?»

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትሄዳለች ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «ቁጥሯ ይገጥማል ወይ?» ብሎ ነው። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከመኪናዋ መለያ ቁጥር ጋር ከገጠመ፣ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ሞተር እስከ ዛሬ አብሯት አለ ማለት ነው። ካልገጠመ፣ ቀለሟ እንደ መስታወት ፊት ቢያሳይም ዋጋዋ ይወርዳል።

ባለፈው ዓመት እዚህ አትላንታ ለሽያጭ የቀረበች አንዲት ሼቭሮሌት ሼቬል ኤስኤስ አይቻለሁ። የ1970 ሥሪት ናት (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ቀይ ናት፤ ኮፈኗ ላይ ሁለት ሰፋፊ ጥቁር መስመሮች ተሰምረዋል። ሞተሯ 454 ኩቢክ ኢንች ነው፤ 7.4 ሊትር መሆኑ ነው። የዚህ ሞተር ኃይለኛው ዓይነት 450 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አሜሪካኖች «መስል ካር» የሚሉት ይህን ነው፤ መካከለኛ የቤተሰብ መኪና ላይ የማይመጥናት ግዙፍ ሞተር መጫን። ዘመኑ ረጅም አልነበረም። የኢንሹራንስ ዋጋ ናረ፣ የጭስ ሕግ ጠበቀ፣ በ1973 ደግሞ የነዳጅ ቀውስ መጣና ያ ሁሉ ጉልበት ቀዘቀዘ።

ሻጩ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን መለያ ቁጥር አሳየኝ። ሰባተኛው ምልክት ኤ የምትል ፊደል ናት፤ አትላንታ ማለት ነው። መኪናዋ የተገጣጠመችው እዚሁ፣ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ በነበረው የጄኔራል ሞተርስ የሌክውድ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በ1990 ተዘግቷል። ቁጥሩ ግን መኪናዋ በእርግጥ ኤስኤስ ስለመሆኗ አይመሰክርም። ተራዋን ማሊቡ ኤስኤስ አስመስሎ የሚሸጥ ስለማይጠፋ፣ ሰብሳቢዎች አንድ ወረቀት ይፈልጋሉ። የፋብሪካው ሠራተኞች ምን ምን እንደሚገጥሙ የሚያዩበት የሥራ ትእዛዝ ነው፤ አንዳንዴ በነዳጅ ታንከሩ ጀርባ ወይም በወንበሩ ሽቦ መሐል ተወሽቆ ይገኛል። ያኔ ጣጣው ያለቀ ወረቀት ነበር፤ ዛሬ በፕላስቲክ ታሽጎ ይቀመጣል።

አዳሹ ጥንቁቅ ሰው ነው። የፋብሪካው ሠራተኞች በጠመኔ ሻንሲው ላይ ያደርጉት የነበረውን ምልክት ሳይቀር መልሶ ስሎታል። ምልክቱን ያደረገው እጅ የማን እንደነበር የሚናገር ግን የለም። በ1936 መገባደጃ፣ ከታወቀው የፍሊንት አድማ ቀድመው፣ የሌክውድ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። ይህም በሽያጭ መግለጫው ላይ አይጻፍም፤ ዋጋ አይጨምርምና።

የሼቬሏ እኩያ የሆነች ቮልስ አዲስ አበባ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ቆማለች። 1.3 ሊትር፣ ወደ 40 የፈረስ ጉልበት። አባታችን የገዛት፣ እህቴ ዛሬም የምትነዳት ናት። አገር ቤት የሻንሲና የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ይጻፋል፤ ሁለቱን የሚያመሳክረው ግን ሰብሳቢ ሳይሆን መንገድ ትራንስፖርት ነው። የእኛ ቮልስ ሞተር በደርግ ጊዜ ነደደ። አባባ ከሌላ ቮልስ የወጣ ሞተር አስገጠመላት። ካምቢዮዋ ከሶማሌ ተራ የመጣ ነው። የግራ በሯን የሰፈር ባትላሜራ በመዶሻ አቅንቶታል፤ ቀለሟን ሦስት ጊዜ ቀይራለች። አንድም ነገሯ አይገጥምም፤ ግን በየዓመቱ ቦሎዋን ታወጣለች።

እድሳትና ጥገና የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እድሳት መኪናዋን ወደ ተወለደችበት ቀን ይመልሳታል፤ መሐል ላይ ያለውን ሃምሳ ዓመት እየፋቀ። ጥገና ለነገ ጠዋት ያደርሳታል። ሁለቱም ፍቅር ነው፤ በእድሳቱ ሰው አልፈርድም። ነገር ግን ውጭ የምንኖር ብዙዎቻችን አገራችንንም የምንወዳት እንደ ሰብሳቢ ነው። የምንፈልጋት በወጣንበት ዓመት ቀለም ነው፤ ያው ካፌ፣ ያው አጥር፣ ያው ዋርካ። ለበዓል ሄደን አንዱ ተቀይሮ ስናገኝ «ኦሪጅናሉ የት ገባ?» እንላለን። እዚያ የቀሩት ደግሞ ሞተር ሲነድ ሞተር ቀይረው ሲነዷት ኖረዋል።

አሁን ቤተሰቡ ወደ ኮንዶሚኒየም ሊገባ ነው፤ ለቮልሷ ማቆሚያ የለም። ቮልስ እያደሰ የሚሸጥ አንድ ወጣት ሊገዛት መጥቶ፣ ሞተሯ ኦሪጅናል አይደለም ብሎ ዋጋውን ዝቅ አደረገ። የአባታችን ማስታወሻ ናትና እንዳትሸጥ የሚሉ ዘመዶች አሉ፤ አብዛኞቹ እንደ እኔ ባሕር ማዶ ናቸው። የእህቴ ጥያቄ አጭር ነው፦ «እሺ፣ የት ላቁማት?»

ቃሉ የእሷ ነው አልኩ። ካንዴላዋን የቀየረች፣ ዝናብ ላይ ገፍታ ያስነሳቻት እሷ ናት። የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሊብሬው ለገዢው ከመሄዱ በፊት ፎቶ እንድታነሳልኝ። ላከችልኝ። በሞተር ቁጥሩ ቦታ የመጀመሪያው በሁለት መስመር ተሰርዟል፤ ከበላዩ ሌላ ቁጥር በእጅ ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበታል። ሁለቱም ይነበባሉ።