ተማሪ ልጅ ለወላጁ አገር ሲያሳይ
(ስለ ዲላና ስለ ጌዴኦ አገር)

በቀድሞው ዘመን ትምህርት የሚሻ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቦ ከአባቱ ቤት ከወጣ በኋላ፥ ወላጆቹ ያለበትን ሳያውቁ አያሌ ዓመታት ያልፉ ነበር። ከወሎ ተነሥቶ ለቅኔ ወደ ጎጃም፥ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም የተሻገረ ተማሪ፥ የተቀመጠበትን አገር ኋላ በቃል ይተርክላቸው ነበር እንጂ ወስዶ ሊያሳያቸው አይችልም ነበር። ዛሬ ግን የመኪና መንገድ ስላለ ወላጆች ልጃቸው እስከሚማርበት ከተማ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። በዚያን ጊዜ ልጅ መሪ፥ አባትም ተመሪ ይሆናል።

ታላቅ ወንድሜ በወሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሴት ልጃቸው በመንግሥት ድልድል መሠረት በዲላ ዩኒቨርሲቲ መማር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ይህ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ሆኖ ተቋቁሞ፥ በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ነው። ወንድሜ ግን «ልጄ ዘመድ በሌለበት አገር፥ የማላውቀውን እየበላች ትኖራለች» እያሉ ይሠጉ ስለ ነበር፥ ወደ ወሎ ትዛወር ዘንድ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ ማመልከቻ መጻፍ ለእኔ ችግር አልነበረም፤ ዳሩ ግን ያልታየ ነገር አይፈረድበትምና «አስቀድመን አገሩን እንየው» ብዬ አብሬያቸው ሄድሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በሞጆ፥ በሻሸመኔና በሐዋሳ አልፎ ዲላ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ሞያሌ ይቀጥላል። ልጅቱ በማግሥቱ ማልዳ መጥታ ከሱቅ ወደ ሱቅ አላዞረችንም፤ ወደ ደቡብ፥ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ወደ ገበሬ ማሳ መራችን እንጂ።

ያ አገር ከሩቅ ሲያዩት ደን ይመስላል፤ ቀርበው ሲመረምሩት ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። ከላይ እንደ ዋንዛና እንደ ብርብራ ያሉ ታላላቅ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከእነርሱ ሥር እንሰት፥ ከእንሰቱም ጋራ ቡና፥ ዝቅ ብሎም ጎመንና ሌላ አትክልት ይበቅላል። የረገፈው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፤ ሥሩም በዳገቱ ላይ ያለውን አፈር ከጎርፍ ይጠብቃል። በዓለም ገበያ ስሙ የታወቀው የይርጋ ጨፌ ቡና የሚበቅለው በእንዲህ ያለ ጥላ ነው።

ወንድሜ ሞፈርና ቀንበር፥ በሬም ባለማየታቸው ተደነቁ። ወደ እንሰቱም ቀርበው «ይህ የእኛ ኮባ አይደለምን?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱም «አዎን አባዬ፥ የኮባ ወገን ነው። እኛ ዳቦ የምንጋግረው በቅጠሉ ነው፤ በዚህ አገር ግን ዳቦው ራሱ ከእርሱ ይወጣል» አለቻቸው። ሴቶች እንሰቱን እየፋቁ በጉድጓድ ቀብረው እንደሚያብላሉት፥ ከዚህም ቆጮና ቡላ እንደሚገኝ፥ ቃጫውም ለገመድ እንደሚሆን አስረዳቻቸው። ተክሉ ለመብል እስኪደርስ አያሌ ዓመታት ይፈልጋል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ዝናብ ቢዘገይም በማሳው ቆሞ ባለቤቱን ይጠብቃል። ወንድሜ በ1977 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ በወጣትነታቸው ያዩ ሰው ናቸውና እጃቸውን በግንዱ ላይ አኑረው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻም «እኒህስ ጎተራቸውን ተክለውታል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ወደ ቱቱ ፈላ ሄድን። በዚያ ሦስት መቶ ያህል ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሰው መልክ ተቀርጾባቸዋል። የጥንት ሰዎች የመቃብር ምልክት ናቸው። እነዚህ ድንጋዮችና በጌዴኦ ሽማግሌዎች የሚጠበቁት የተቀደሱ ደኖች፥ ከእርሻው ጋራ በአንድነት «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር» ተብለው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል።

ነገር ግን ወንድሜን ከድንጋዮቹ ይልቅ ያስደነቃቸው ሌላ ነው። ልጅቱ ወደ ስፍራው ከመግባቷ በፊት አንድ ሽማግሌ እጅ ነሥታ በጌዴኦ ቋንቋ ሰላምታ ሰጠች፤ እርሳቸውም መርቀው «ልጃችን» ብለው ጠሯት፤ ይህንም እርሷው ተርጉማ ነገረችን። ወንድሜ «ዘመድ የላትም» ያሉት ነገር በዚያው ሰዓት ፈረሰ። ሲመለሱም ስለ ማመልከቻው አላነሡም፤ እኔም አላስታወስኋቸውም።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ልጆቻችሁን በሩቅ አገር የምታስተምሩ ሁሉ፥ ልትጠይቋቸው በሄዳችሁ ጊዜ ውጤታቸውን ብቻ አትመርምሩ፤ «የተቀመጥህበትን አገር አሳየን» በሏቸው። ሦስት ዓመት ተቀምጦ ከማደሪያው አጥር ውጭ ያለውን ያላወቀ ተማሪ ለእንግዳ የሚያሳየው የለውም። የአገሩን ሰው ምን እንደሚበላ፥ ምን እንደሚያከብርና እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ የተማረ ልጅ ግን፥ ከመጽሐፉ ሌላ አንድ አገር ጨምሮ ይመለሳል፤ ለወላጆቹም ያንኑ አገር ያወርሳቸዋል።