ስለ ተቃጠለው ደብተር

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ የማያውቅ ተማሪ የለም። እኔም 38 ዓመት ሳስተምር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት አላስታውስም። ነገር ግን ትርጉሙን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ጥፋቴ ነውና፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ሳልሸፍን እነግርሃለሁ።

ያደግሁት በአሰላ አጠገብ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ስንዴ በሚዘራበት ደጋ ነው። ታላቅ ወንድሜና እኔ የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የዋልንበትንና ያየነውን በየማታው በሦስት በአራት መስመር መጻፍን የለመድነው በዚያ ነው። እኔ ቶሎ ሰለቸሁ፤ እርሱ ግን አልተወውም። የዝናቡን መምጫ፣ የገብሱን ዋጋ፣ የጎረቤቱን ክርክር ሁሉ ይመዘግብ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ፣ በአርሲ ጭሰኛው ብዙ ነበረና፣ ወንድሜ በየመንደሩ እየዞረ ሽማግሌዎቹ ያሉትን በየቋንቋቸው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፈ።

በ1970 ዓ.ም. በጥር ወር ወንድሜን ወሰዱት። በሦስተኛው ሌሊት ቤት ለቤት ፍተሻ ይመጣል ተብሎ ተወራ። እናቴ ደብተሩን አንሥታ በእጄ ላይ አኖረችና «ልጄ፣ አንዱን አጥቻለሁ፤ ሁለተኛውን አልጣ» አለችኝ። እኔም ቅጠል በቅጠል እየገነጠልሁ በምድጃው ውስጥ አቃጠልሁት። ደብተሩ ወፍራም ነበረና ሊነጋ ሲል ጨረስሁ። ፈታሾቹ በዚያ ሌሊት አልመጡም፤ በሚቀጥለውም ሳምንት አልመጡም። ወንድሜም አልተመለሰም።

እናቴን አልወቅስም። በዚያ ዘመን በደብተር ላይ የተገኘ ስም ሰው ያስገድል ነበር። ነገር ግን ስሞቹን ለይቼ ቀድጄ የቀረውን መቅበር እችል ነበር፤ አላሰብሁትም። ፍርሃት ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም።

ከደብተሩ በልቤ የቀረ አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም አንድ ሽማግሌ ጭሰኛ አዋጁን በሰማ ጊዜ አፈር ዘግኖ አለቀሰ የሚል ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ብዙ ዓመት ነገርሁ። እናታችን በሞተች ጊዜ በለቅሶው ላይ ደግሜ ሳወራው ታናሽ እኅቴ ሰማችና «ጋሼ፣ እኔም እኮ አንብቤዋለሁ። ሽማግሌው ስቆ ‹ነገ ደግሞ ማን ይወስድብኛል?› አለ እንጂ መቼ አለቀሰ?» አለችኝ። እርስዋም እኔም ለመማል ዝግጁ ነበርን። በመካከላችን የሚፈርደው ግን አመድ ሆኗል። ትዝታ ቀጣፊ ሆኖ ሳይሆን፣ የሚወደውን እያሳመረ የከበደውን እያቀለለ እንደሚኖር ያን ዕለት ገባኝ።

ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ዘመን እያሰቡ ልብ ወለድ የሚጽፉ ደራሲዎች ይህን ነገር አስቀድመው አይተውታል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ባሳተመው «1984» በተባለው መጽሐፍ፣ ዊንስተን ስሚዝ የሚባል ሰው ሥራው የቆዩ ጋዜጦችን ገዥዎቹ ዛሬ ከሚሉት ጋር እንዲስማሙ አድርጎ መለወጥ ነው። የቀድሞው ወረቀት ወደ እሳት ይጣላል። ይኸው ሰው ተደብቆ በደብተር መጻፍ ሲጀምር፣ የሚኖርበትን ዓመት እንኳ በእርግጥ አያውቀውም።

ይህን ሳነብ አፈርሁ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በሚቀጥለው መስከረም፣ ከበላይ በተባልሁት መሠረት ተማሪዎቼን ከመጽሐፋቸው ብዙ ገጾች አስቀድጄ ነበር። አንድ ልጅ «ጋሼ፣ አምና ለፈተና ያጠናነው ይህን አልነበረም?» ቢለኝ፣ ዝም በል ብዬ ተቆጣሁት። ስሕተት የነበረውን ስሕተት መሆኑን ላስተምረው ሲገባኝ እንዳልነበረ አደረግሁበት። ስለዚህ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ወረቀት አጥፍቻለሁ፤ መጀመሪያ ፈርቼ፣ ሁለተኛ ታዝዤ።

አሜሪካዊው ሬይ ብራድበሪ ደግሞ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ፋራናይት 451» መጻሕፍት በሚቃጠሉበት አገር፣ ሸሽተው የተሰበሰቡ ሰዎች መጻሕፍቱን በቃላቸው ይዘው ሲያቆዩ ያሳያል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአርሲ ሽማግሌዎች የዘር ሐረጋቸውን ያለ ወረቀት ይቆጥራሉ። ነገር ግን የእነርሱ ቃል የሚጸናው ብዙዎች ስለሚያውቁት፣ አንዱ ሲስት ሌላው ስለሚያርመው ነው። የወንድሜን ደብተር ያነበብነው ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን።

በአገራችንም ምስክር አይጠፋም። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተመው «አልወለድም» በማኅፀን ያለ ልጅ ግፍ ወደ ሞላበት አገር አልወጣም ይላል፤ መጽሐፉም ታገደ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ነቢይ መኰንን ግን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተረጐመው፤ ወረቀቶቹ ከእስር ቤት በስውር ወጥተው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። «አልወለድም»ም «ኦሮማይ»ም ዛሬ ይነበባሉ። ወረቀቱን አንድ ሰው እንኳ ከደበቀው፣ ከከልካዮቹ ዕድሜ ይበልጣል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ጻፉ። ቀኑንና ቦታውን አስቀድሙ፤ ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩ። በስልካችሁ ብቻ አታስቀምጡ፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና። ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ስም ካለ ስሙን ተዉት እንጂ ነገሩን አትተዉ። የተሳሳተ ገጽ ስታገኙም በአጠገቡ እርማቱን ጻፉ እንጂ አትቅደዱት።

እኔም ባለፈው ዓመት አንድ ደብተር ገዛሁ። ከወንድሜ ጽሑፍ የማስታውሰውን ሁሉ እየጻፍሁ ነው። ስለ ሽማግሌው ጭሰኛ በቀኝ ገጽ የእኔን፣ በግራ ገጽ የእኅቴን ቃል አኑሬአለሁ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ላደርግለት የቻልሁት ይህን ብቻ ነው።